የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ሰሞኑን ሁለት ፎቶ ላከልኝ። አንደኛው ከውጭ የተነሳ ነው፤ ሾጣጣ ማማ ያለው ያረጀ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን። ሁለተኛው የዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ቢራ ይዘው ቲያትር ያያሉ።

ፎቶውን ደሴ ቡና ላይ ለአክስቴ አሳየኋት። ገና አቦል ላይ ነን። ስልኩን ራቅ አድርጋ ይዛ ትክ ብላ አየችው።

«ታቦቱንስ የት አደረጉት?» አለች።

እነሱ ጋ ታቦት የለም ብላት አላመነችኝም። አጠገቧ የተቀመጡት ጎረቤታችን ሐጃ ደግሞ ከእሷ ብሰው ተቆጡ። «አስተግፊሩላህ! የአላህን ቤት መጠጥ ቤት?» ወሎ እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ተደፈረ ሲባል ቀድመው የሚቆጡት ሐጃ ናቸው።

እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሕንፃው በ1862 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ምእመኑ እየሳሳ ሄዶ በ1978 ቤተ ክርስቲያንነቱ አበቃ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2004፣ ኦራን ሞር ተብሎ የኪነ ጥበብና የመዝናኛ ቦታ ሆነ። በዚያው ዓመት የምሳ ሰዓት ቲያትር ጀመሩበት። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ቀን 7 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ቲያትሩ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ በየሳምንቱ አዲስ ይወጣል። ስሙን «ቲያትር፣ ፓይና ቢራ» ብለውታል፤ ትኬት የቆረጠ ፓይና ቢራ ይደርሰዋል። ፓይ ያው የሳምቡሳ የሩቅ ዘመድ በሉት። አምስተርዳም ውስጥም ፓራዲሶ የሚባል የድሮ ቤተ ክርስቲያን ከ1968 ጀምሮ የሙዚቃ ቤት ነው።

እኛ ዘንድ ይህ አይታሰብም። ይታሰብ የምልም አይደለሁም። ለእኛ ሕንፃው ቢፈርስ እንኳ ታቦት ያረፈበት ቦታ ቦታ ነው። ደግሞስ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው ባዶ የሆነው? በክብረ በዓል ቀን ቅጥሩ ሞልቶ ሰው ውጭ መንገድ ላይ ነው የሚያስቀድሰው። እነሱ ባዶ ቤት ስለተረፋቸው ምን እናድርገው ብለው አሰቡ። የእኛም ጥያቄ ያው ነው፦ ባዶ የሆነው የቱ ነው?

የቀበሌው አዳራሽ ነዋ!

ከደሴ ወጣ ብላችሁ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ መርሳን፣ ኩታበርን አስቡ። ልጅ ሆኜ የማውቀውን አዳራሽ ልንገራችሁ፤ የከተማውን ስም ግን ተዉኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ፊት ለፊት ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ያለ የሲሚንቶ መድረክ አለው። ግድግዳው ላይ ሦስት መንግሥት የጻፈው መፈክር አንዱ በአንዱ ላይ ተቀብቶ፣ ቀለሙ ሲላጥ የታችኛው ብቅ ይላል። የትምህርት ቤታችን ድራማ ክበብ አንድ ቅዳሜ ሊያሳይበት ጠየቀ። ደብዳቤ አምጡ ተባልን፤ አመጣን። ማኅተሙ አይነበብም ተባልን፤ አስመታን። ቅዳሜ ስንሄድ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል! ድራማውን ደጃፉ ላይ፣ አቧራው ላይ አሳየን። የእኔ ድርሻ ሽማግሌ መሆን ነበር፤ ጢሜ ጥጥ ስለሆነ ነፋስ ወሰደው። ሰው የሳቀው በድራማው ይሁን በጢሜ እስካሁን አላውቅም።

ያ አዳራሽ ለስብሰባ ነው የሚከፈተው። በቀሪው ቀን የፕላስቲክ ወንበር ክምር ያድርበታል።

ለመድረክ እንግዳ ሕዝብ ብንሆን ደግሞ አይቆጨኝም ነበር። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የሚጠሩት በወሎ ስም ነው። በደርግ ጊዜ የወሎ ላሊበላ ኪነትን ያላወቀ አልነበረም። ቀበሌዎችም የኪነት ቡድን ነበራቸው። ዘፈኑ ለመንግሥት ቢሆንም ዘፋኙ የሰፈር ልጅ ነበር። ገና ሲደርስ ላሊበላ ቤተ ማርያም ሄዳችሁ ቤዛ ኩሉን እዩ። ካህናቱ ግማሹ ከላይ ከአለቱ ጠርዝ፣ ግማሹ ከታች ሆነው ይቀባበሉታል። አገልግሎት ነው፣ ቲያትር አልልም፤ ግን እሱን እያየ ያደገ ልጅ መድረክ ምን እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገውም። መንዙማ በድቤ ሲያዝ ያደረም እንደዚያው።

የሚያስፈልገው ሁሉም እኩል የሚገባበት ቤት ነው። ለዚህ ደግሞ ስም አናጣም። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ግብር የሚያበሉበትን አዳራሽ «አይጠየፍ» ነው ያሉት። እሳቸው ራሳቸው መሐመድ አሊ ተብለው አድገው ሚካኤል የተባሉ ሰው ናቸው። ከዚህ የተሻለ የቲያትር ቤት ስም ካለ ንገሩኝ።

መብራት ይጠፋል ትሉኛላችሁ። ለዚህም ነው የግላስጎዎቹን ሰዓት የወደድኩት። ቀን 7 ሰዓት ላይ መስኮት መክፈት ይበቃል። በገበያ ቀን ይሁን። ባቲና ደሴ ሰኞ ነው፤ ሌላውም የራሱ ቀን አለው። የገጠሩ ሰው ሸጦ ለውጦ፣ ፀሐዩ እስኪበርድ የሚያርፍበት ጥላ ይፈልጋል። ብቻ አርብ አይሁን፤ የጁምዓ ሰዓት ነው። ክረምት ላይም እንዳታስቡት፤ ቆርቆሮው ዝናብ ሲመታው ተዋናዩ ቢጮህም አይሰማም። በጀትም ብዙ አልጠይቅም። የድራማ ክበብና ሚኒ ሚዲያ የሌለው ትምህርት ቤት ጥቂት ነው፤ ልጆቹ አሉ። ወንበሩም ተከምሯል።

ይህን ሁሉ ቡናው ላይ ተነተንኩ። ቢራው ይቅር፣ በትኬቱ ቡናና ሳምቡሳ እንስጥ አልኩ። ሐጃ ንዴታቸው በርዶላቸው ኖሮ ሳምቡሳው ላይ ሲደርስ ቀና አሉ።

«በምን ቀን ነው?»

«ሰኞ።»

«እሱስ የፍስክ ቀን ነው። ግን የምስር ይሁን። ሥጋ ከሆነ ማን አረደው ሊባል ነው። ጥበሳውን ለእኔ ተዉት።»

አክስቴ በረካውን እየቀዳች ነበር። ጀበናውን አስቀምጣ አየችኝ።

«እሱስ ይሁን፤ ቁልፉን ማን ይሰጣችኋል?»