ውሃም አየርም ባይሆን፣ የመዝጊያው ሕግ የታለ?

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሐምሌ 2011 በሰጡት መግለጫ ኢንተርኔት ውሃ ወይም አየር እንዳልሆነ፣ ካስፈለገ ለሳምንት ቀርቶ ለዘለቄታውም እንደሚዘጋ ነግረውን ነበር። ውሃ አለመሆኑን እናውቃለን፤ ውሃው ራሱ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ነው የምንኖረው። ግን ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ተሰበረ ይባላል እንጂ «ገና ምን አይታችሁ!» የሚል ባለሥልጣን አልሰማሁም።

ደግሞስ ውሃና አየር ያልሆነ ሁሉ እንዳሻቸው ይዘጋል? በሰኔ 2011 ልጃቸው ቤሩት ያለች ጎረቤቴ ስልካቸውን ይዘው መጥተው «ኢሞው እምቢ አለኝ፣ ካርዱ አልቆ ይሆን?» አሉኝ። ካርድ ነበራቸው። መንግሥት ነው የዘጋው እማማ፣ አልኳቸው።

በሰኔ 2010 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች ሲከፈቱ አጨብጭበናል። ጥሩ ሥራ ነበር፣ አልክድም። ግን በየትኛው ሕግ ተከፈቱ? ሲዘጉስ በየትኛው ነበር? በ2008 በፈተና ሰበብ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲታገድ ፍርድ ቤት የጠየቀ አልነበረም። በሰኔ 2011ም በፈተና ሰሞን ኔት ጠፋ፣ የጠየቀ አልነበረም። በዚያው ዓመት የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድርና የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ከተገደሉበት ከሰኔ 15 በኋላም እንደዚያው። ሰዎቹ ተቀየሩ፤ አሠራሩን ግን ከነቢሮው ተረከቡት። ትእዛዙን የሰጠው ማን ነው? በደብዳቤ ነው በስልክ? ለስንት ቀን? ይግባኙስ ለማን ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በመግለጽ ነጻነት ላይ ገደብ የሚጣለው በሕግ ብቻ ነው ይላል፤ መግለጫ ሕግ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ፓርላማው በሰኔ 2011 ያጸደቀው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁሟል። ተጠሪነቱ ለማን ቢሆን ጥሩ ነው? ለጠቅላይ ሚኒስትሩ! ዘጊውን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ለዘጊው ሪፖርት እንዲያቀርብ ተደነገገ።

ያኔ «የቀድሞዎቹ ለዓመታት ነበር የሚዘጉት፣ የዐቢይ መንግሥት ለቀናት፤ ያውም ሕይወት ለማዳን» የሚሉ ደጋፊዎች ነበሩ። ሰኔ 15 የተተኮሰው ከፌስቡክ አልነበረም። ኔቱ ሲጠፋ የጠፋው ወሬው ሳይሆን ወሬውን የምናጣራበት መንገድ ነው። የዛሬዎቹን ቢያምኑስ፣ ነገ እዚያ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ያውቃሉ?

መንግሥት በ2011 ለውጭ ኩባንያዎች የቴሌኮም ፈቃድ ለመስጠት እየተዘጋጀ ነበር። አሁንም ቢሆን አዋጁ ላይ ይጻፍ፦ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ያለ ቀን ገደብ፣ ያለ ፈራሚ ስም ማንም አይዘጋም።