ስለ ቲም ኩክ የጻፍኩት ይታረም

ባለፈው ሳምንት፣ አይፎን ሠሪውን አፕልን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት ስለመራው ስለ ቲም ኩክ ስጽፍ "ከስቲቭ ጆብስ ጋር አፕልን የመሠረተ" ብያለሁ። ስህተት ነው። ያረመኝ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ስልክ የሚጠግን ልጅ ነው። ሆዱ የተከፈተ አይፎን ላይ አጎንብሶ፣ ቀና እንኳን ሳይል "ጋሼ፣ እሱ እኮ ያኔ ተማሪ ነበር" አለኝ።

እውነቱን ነው። አፕል በ1976 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ሲቋቋም ኩክ አላባማ ውስጥ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። መሥራቾቹ ጆብስ፣ ስቲቭ ዎዝኒያክና ሮናልድ ዌይን ናቸው። ኩክ አይቢኤም የሚባል የኮምፒውተር ኩባንያ 12 ዓመት ሠርቶ፣ ሌላው ኮምፒውተር ሠሪ ኮምፓክ ደግሞ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ በ1998 ነው አፕል የገባው። የገባውም ስልክ ሊነድፍ ሳይሆን መጋዘን ሊያራግፍ ነው። የቆመ ኮምፒውተር እንደ ወተት ይበላሻል ባይ ነበርና፣ መጋዘኖችን ዘግቶ ለሳምንታት ይከማች የነበረውን ዕቃ ወደ ቀናት አወረደው። የእኛ ከተማ ነጋዴ፣ ዋጋ ይወጣል ብሎ የቡና ጆንያ ቆልሎ የሚጠብቀው፣ ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። ግን ቡና ትንሽ ይታገሳል፣ ኮምፒውተር የት አባቱ!

ሌላም አለ። "ጆብስ ሲሞት ተተካ" ያልኩትም ልክ አይደለም። ኩክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆነው ኦገስት 24 ቀን 2011 ነው፤ ጆብስ ያረፈው ኦክቶበር 5። እንዲያውም በ2009 ጆብስ ለሕክምና ሲወጣ ሥራውን ይዞ የቆየው እሱ ነበር።

የድሮውን ጽሑፍ አስተካክያለሁ። ልጁንም አመሰግናለሁ፣ የስልኬን ስክሪን ግን ገና አልጨረሰልኝም።