"ዋርኒንግ ነው፣ ተወው" አትበሉን

ጎንደር ውስጥ የመሥሪያ ቤትና የሆቴል ሰርቨር ለምትጠብቁ ልጆች ነው የምጽፈው። አለቆችም ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ሰልችቶኛል። ሜይል ሰርቨሩ ሎግ ላይ (የሥራ መዝገቡ ላይ) ማስጠንቀቂያ ሲደረድር እያየ "እሱ ዋርኒንግ ነው፣ ኤረር አይደለም፤ ተወው" የሚል ሰው ሰልችቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ሊኑክስ ሲጭን የማሽኑን ስም ይጠየቃል። "ሜይል" ወይም "ሰርቨር" ብሎ ያልፋል። ዶሜይኑን፣ ማለትም ከነጥብ በኋላ የሚመጣውን የድርጅቱን የኢንተርኔት ስም፣ አይጨምርም። አንዳንዱማ "ሎካልሆስት" እንደሆነ ይተወዋል። ሜይል የሚልከው ፕሮግራም፣ ሴንድሜይል፣ ሲነሳ ደግሞ የራሱን ሙሉ ስም ይፈልጋል። ነጥብ ያለበት ስም ካጣ ሎግ ላይ አቤቱታውን ጽፎ አንድ ደቂቃ ይተኛል። ተነስቶ እንደገና ይሞክራል። አሁንም ካጣ በአጭሩ ስም ይቀጥላል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አስቡት። ሰርቨሩ መነሳት ይጀምራል፣ ሴንድሜይል ላይ ሲደርስ ቀጥ! ያየ ሁሉ "ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ አዲስ ይገዛ" ይላል። ኧረ የአንድ መስመር ሥራ ነው! አዲስ ማሽን ቢገዛም ስሙ እንደዚያው ከተጻፈ ያው ነው።

መስመሩ ያለው ኢቲሲ የሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ሆስትስ የሚባለው ፋይል ላይ ነው። መጀመሪያ አይፒው (የማሽኑ የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር)፣ ቀጥሎ ሙሉው ስም፣ ከዚያ አጭሩ። ሲስተሙ ዋና ስም አድርጎ የሚይዘው ከአይፒው ቀጥሎ ያገኘውን ስለሆነ፣ አጭሩን ካስቀደማችሁት ልፋታችሁ ከንቱ ነው። በሴንድሜይል ፈንታ ፖስትፊክስ የምትጠቀሙ ደግሞ ማይሆስትኔም የሚለው ቦታ ላይ ሙሉውን ስም ጻፉ።

ከሁሉም የሚያበግኑኝ ግን ማስጠንቀቂያውን አፉን የሚያስይዙት ናቸው። ሆስትስ ላይ "ሎካልሆስት ነጥብ ሎካልዶሜይን" ብለው ይለጥፋሉ። ነጥብ ስላለው ሴንድሜይል ዝም ይላል። "ተስተካክሏል" ተብሎ ክፍያ ይፈረማል። ሆስትስ ፋይልን የሚያነበው ግን ማሽኑ ራሱ ብቻ ነው። ውጭ ያለው ሰርቨር የሚጠይቀው ዲኤንኤስን፣ የኢንተርኔቱን የስም ማውጫ ነው። እዚያ ደግሞ እንዲህ የሚባል ስም የለም። አንዳንዱ ተቀባይ ሰርቨር ገና ሰላምታው ላይ፣ የእኛው ሰርቨር ራሱን ሲያስተዋውቅ፣ ስሙን ሲሰማ በሩን ይዘጋል።

ጥምቀት ሲቃረብ ይሄ ነገር እንጀራ ነው የሚያሳጣው። እንግዳ ከውጭ አገር ሆኖ "ክፍል አለ ወይ? አዘዞ ኤርፖርት የሚቀበለኝ ሰው አለ?" ብሎ ይጽፋል። ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ዋጋውን፣ የክፍሉን ዓይነት፣ የሾፌሩን ስልክ ሳይቀር አሟልታ ትመልሳለች። መልሷ ስፓም ውስጥ ይወድቃል። እንግዳው ጠብቆ ጠብቆ ሌላ ቦታ ይይዛል። ከዚያ "ለምን አልመለስሽም?" ተብላ የምትቆጣው እሷ ናት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንጀቴ ነው ያረረው። ልጅቷ ምን አጠፋች?

ሌላው ፒቲአር ነው፤ አይፒን ወደ ስም የሚመልሰው የዲኤንኤስ ሪከርድ። ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ከማንኛውም ላኪ ይጠይቃል፦ አይፒው ስም ይኑረው፣ ስሙም ወደዚያው አይፒ ይመልስ። ስሙን ወደ አይፒ የሚወስደውን ሪከርድ እኛው ዶሜይናችን ላይ እንጽፋለን። አይፒውን ወደ ስም የሚመልሰውን ግን መጻፍ የሚችለው የአይፒው ባለቤት፣ ኢንተርኔት አቅራቢው ነው። ስንጠይቅ "ደብዳቤ አምጡ" ይባላል። ይሄዳል። "ማህተሙ ደብዝዟል።" እንደገና ይመታል። "ይሄ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው።" ይደወላል። ስልኩን ያነሳው ሰው "ዶሜይን የገዛችሁበትን ጠይቁ" ይላል። ዶሜይን የሸጠልን ድርጅት በሰው አይፒ ላይ ምን ሥልጣን አለው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ታስሮ የሚቀረው። የእኛን ድርሻ በሙሉ ጨርሰን፣ ሜይላችን አሁንም ስፓም ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሰርቨር የምትጭኑ፣ እባካችሁ የማሽኑ ስም፣ የዲኤንኤሱ ስምና ፒቲአሩ አንድ መሆናቸውን ከሌላ ኔትወርክ አይታችሁ አስረክቡ። አለቆች፣ ክፍያ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ሜይል ወደ ጂሜይል አስልኩና የት እንደገባ በዓይናችሁ እዩ። የአይፒው ባለቤቶች ደግሞ፣ ደብዳቤያችን ማህተሙን ይዞ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው። ጥምቀት ሳይደርስ ጨርሱልን።