ዶት ኢቲን ብቻዋን አታቁሟት

በኔትወርክና በሲስተም ሙያ የተሰማራችሁ ወገኖቻችን፣ ይህ ተግሣጽ ለእናንተ ነው። ዶት ኢቲ (.et) እ.ኤ.አ. በ1995 ለኢትዮጵያ የተሰጠች፣ በድረ ገጽና በኢሜይል አድራሻ መጨረሻ ላይ የምትጻፍ ስም ናት። መዝገቧን የሚይዘው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ «የእነሱ ጉዳይ ነው» ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችኋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የኢንተርኔት ስሞችን ያስተዳድር በነበረው በጆን ፖስቴል የተጻፈው መመሪያ ግን የአገር ስም የሚይዝ አካል ባለአደራ እንጂ ባለቤት እንዳልሆነ ይናገራል። ባለአደራ ደግሞ ጠያቂ ያስፈልገዋል። ታዲያ እናንተ ካልጠየቃችሁ ማን ይጠይቅ?

የአገራችን የውጭ ኢንተርኔት በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ነው የሚወጣው። ስም የሚመልሱት ሰርቨሮች፣ ማለትም አንድ ስም የየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ ለጠየቀ ሁሉ የሚናገሩት፣ በሙሉ አገር ውስጥ ካሉና መስመሮቹ ከተቋረጡ፣ ዋሽንግተን ያለ ወገናችን የላከው ኢሜይል አራት አምስት ቀን ተራ ይዞ ይቆይና ወደ ላኪው ይመለሳል። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል አውሮፓ ባለ ሰርቨር ላይ ቢሆን እንኳ፣ ስሙ ስላልተገኘ ብቻ አይደርስም። መድኃኒቱ የቆየ ነው፤ የዞኑን (በአንድ ስም ሥር ያሉ አድራሻዎች የተጻፉበትን ዝርዝር) ግልባጭ ጎረቤት አገር ባለ ሰርቨር ማስቀመጥ፣ የጎረቤትንም እኛ ዘንድ ማኖር። ናይሮቢና ዳሬሰላም የየራሳቸው መዝገብ ያዦች አሏቸው፤ የአፍሪካን የአገር ስም ያዦች የሚያገናኝ አፍቲኤልዲ የሚባል ማኅበርም አለ። ይህን ማኅበር ከአፍሪኒክ ጋር አታምታቱት፤ አፍሪኒክ ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት ላይ የሚለዩበትን የአይፒ ቁጥር ነው የሚያድለው።

የባንካችሁን ወይም የዩኒቨርሲቲያችሁን ዞን የምትይዙም ብትሆኑ ሥራው ያው ነው። ግልባጩ የሚተላለፈው ቲሲፒ በሚባለው የመረጃ መላኪያ ደንብ፣ በፖርት (በበር ቁጥር) 53 ነው፤ ገቢና ወጪ መረጃን በሚያጣራው ፋየርዎል ላይ ሌላውን ደንብ ዩዲፒን ብቻ ከፍታችሁ «አልሠራ አለ» አትበሉ። ሁለቱ ሰርቨሮች የሚተዋወቁበት፣ ቲሲግ የሚባለው የምስጢር ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይታገሥም። የአዲስ አበባን ሰዓት ዓለም አቀፍ ሰዓት አስመስላችሁ ካስገባችሁ 3 ሰዓት ትሳሳታላችሁ፤ ዝውውሩም ውድቅ ይሆናል።

ዞኑ በተለወጠ ቁጥር የሚጻፍለት፣ ብዙውን ጊዜ በዕለቱ ቀን የሚጀምረው መለያ ቁጥርም ሁልጊዜ መጨመር አለበት። ትናንት 2024061501 ብሎ የተጻፈውን ዛሬ አንዱ በእኛ ዘመን አቆጣጠር 2016100901 ብሎ ቢለውጠው፣ ጎረቤት ያለው ሰርቨር «የእኔ ይበልጣል» ብሎ አዲሱን አይወስድም። ስህተት የሚል መልእክት ላታዩ ትችላላችሁ፤ አሮጌው መረጃ ግን ሲመለስ ይቆያል። የግልባጩን የማብቂያ ጊዜም፣ ማለትም ዋናውን ሰርቨር ሳያገኝ መመለሱን የሚቀጥልበትን ጊዜ፣ ከ1209600 ሰከንድ፣ ማለትም ከ14 ቀን አታሳጥሩት። 86400 ብላችሁ ከጻፋችሁ መስመር በተቋረጠ በማግስቱ ጎረቤታችሁም መመለሱን ያቆማል፤ ያን ሁሉ የደከማችሁት ለዚያች ቀን አልነበረም?

የጎረቤት ሰርቨር ግን ስህተታችሁንም አብሮ ይገለብጣል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2009 ስዊድን ውስጥ ዞኑን የሚያመነጨው ፕሮግራም በስሞቹ መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ ሳይጨምር በመቅረቱ 900 ሺህ ገደማ የዶት ኤስኢ (የስዊድን የአገር ስም) ስሞች ጠፉ። ስህተቱ በአንድ ሰዓት ገደማ ታረመ፤ ዘግይተው የተመለሱ ስሞች ግን ነበሩ፤ የተሳሳተው መልስ በየኢንተርኔት አቅራቢው ሰርቨር ተቀምጦ ስለነበር። ስለዚህ የምትለዋወጡት ሰርቨርን ብቻ አይሁን። ዞኑ ከመውጣቱ በፊት የምትፈትሹበትን ስክሪፕት፣ የደረሰባችሁን ብልሽት፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሣውን ሰው ስም ጭምር ተለዋወጡ። ብልሽትን መደበቅ የተለመደ መሆኑን እናውቃለን፤ የሚያሳፍረው ግን ናይሮቢ ያለው ባልደረባችሁ ያንኑ ስህተት በሳምንቱ ሲደግመው ዝም ማለታችሁ ነው።

አሁኑኑ ጀምሩት። የዞናችሁን ሰርቨሮች አንድ በአንድ መለያ ቁጥራቸውን ጠይቁ። ቁጥሮቹ ካልተመሳሰሉ፣ ወይም ሰርቨሮቹ ሁሉ በአንድ ሕንፃና በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ፣ ለኃላፊያችሁ በጽሑፍ አስታውቁ፤ መልስ እስክታገኙም ድረስ አትተዉት።