"ፔዳሉ ምንም አልሆነም፣ ኪሎህ ነው"

ኧረ ዛሬ ተዉኝ። ገና ቤት መግባቴ ነው፣ ጭቃው ከጫማዬ አልወረደም፣ ፊደል ገደፍክ ምናምን የሚለኝ ሰው ካለ እንዳንጣላ።

ያ የሳይክሌ ፔዳል አለ አይደል፣ ጫማ ስር ካለ ብረት ጋር የሚቆለፈው፣ "ኦሪጂናል ነው፣ ለልጅህ ታወርሰዋለህ" ተብዬ ጨላዬን ያፈሰስኩበት፣ እሱ ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱን እያቃሰትኩ ስወጣ ቀኝ እግሬ ድንገት ቀለለኝ። ወደታች ሳይ አክሰሉ (ፔዳሉ የሚዞርበት ዘንግ) ክራንኩ (ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ) ላይ ራቁቱን ቀርቷል፣ ፔዳሉ ደግሞ ጫማዬ ላይ። ለማላቀቅ ተረከዝህን ወደ ውጪ ትጠመዝዛለህ አይደል፣ አሁን ብትጠመዝዝ ፔዳሉም አብሮህ ይዞራል፣ የያዘው ነገር የለማ! በቃ ሳይክሌን እየገፋሁ ባንድ እግሬ ብረት እያንቋቋሁ ሽሮ ሜዳን አቋርጬ ወረድኩ፣ የሀበሻ ልብስ ሻጮቹ በሙሉ ከየሱቃቸው ብቅ እያሉ። አንዱ "ፈረሱስ?" አለኝ። እውነት ለመናገር እኔም ሳቅኩ። የተናደድኩት ፔዳሉን ይዤ የሸጠልኝ ሰውዬ ጋ ስሄድ ነው።

ሱቁ ሞልቷል። "ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ወለቀ" አልኩት በጨዋ ደንብ። ተቀብሎ አገላበጠው፣ "እህ" አለ፣ ከዛ ፔዳሉን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ። ከላይ እስከታች።

"ስንት ኪሎ ነህ?"

"ምን አገናኘው?"

"ንገረኝ ብራዘር፣ ለቴክኒክ ነው።"

ለቴክኒክ! "88" አልኩት።

"ኧረ ትበልጣለህ።"

ትበልጣለህ!! ሰው ፊት! ቀጠለ፣ "በቃ ፔዳሉ ምንም አልሆነም፣ ኪሎህ ነው።" ለልጃቸው ሳይክል ሊገዙ የመጡ አንዲት እናት ደግሞ በቅንነት፣ ያውም ክንዴን ይዘው፣ "ልጄ እውነቱን ነው፣ ቀነስ ብታደርግ ለስኳሩም ለግፊቱም ጥሩ ነው" አሉኝ። ስኳር የለብኝም እኮ! ግፊት ግን አሁን ሳይጀምረኝ አይቀርም። ትንሹ ልጅ ጮክ ብሎ "ማሚ፣ ሰውዬው ነው የሰበረው?" አለ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

እሺ ልረጋጋ ብዬ ውስጡን አሳየሁት። ኩሽኔታው ደርቋል፣ ግሪስ የሚባል ነገር በህይወቱ አልነካውም፣ ጭቃ የሚከለክል ላስቲክ የለው፣ አክሰሉን ደግሞ ጫፉ ላይ ያለች አንዲት ሚጢጢ ዳዶ ብቻ ናት የያዘችው። እሱዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "በክረምት ማን ንዳ አለህ?" እሺ እንግዲህ ሐምሌና ነሐሴን ይሰርዙልኝ! ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ ተራራ ላይ ለምነዳ ሰው የበጋ ፔዳል መሸጡን እየነገረኝ እኮ ነው። ሳይጨርስ ደግሞ ሌላ አወጣ፣ ሀምራዊ ቀለም ያለው የሚያብለጨልጭ፣ "እስቲ ያዘው፣ እንዴት እንደሚቀል።"

የሚቀል አልፈልግም!!! ለምንድነው ሰው ሁሉ የሚቀል የሚሸጥልኝ? እኔ የምፈልገው ከፍቼ አጥቤ ግሪስ አድርጌ የምገጥመውን ነው። የሺማኖው ኤም 520 አለ፣ ጥንዱ 380 ግራም ገደማ፣ ፋራ የሚመስል ጥቁር ብረት፣ አክሰሉ ክሮሞሊ የሚሉት ጠንካራ ብረት፣ ውስጡ ጥቃቅን ጥይት ኩሽኔታ። አንዲት የፕላስቲክ መፍቻ ካለችህ አክሰሉን ከነኩሽኔታው ትመዘዋለህ፣ ግሪስ ትሞላለህ፣ ትመልሳለህ። ጫማውን የሚይዝበትን ጉልበት ደግሞ በ3 ሚሊ አለን ቁልፍ ታጠብቃለህ ታላላለህ። አለቀ። ሺማኖ ይሄን ኤስፒዲ የሚባለውን ጫማ የሚቆልፍ ፔዳል በ1990 በፈረንጆቹ ካወጣው ጀምሮ አሰራሩ ብዙም አልተቀየረም፣ ለምን ይቀየራል? ጫማው ስር የሚገባው ክሊት ራሱ ብረት ነው፣ ቶሎ አይበላም።

ግሩፑ ውስጥ ያለው ሀብታሙ ጓዳችን (ራስህን ታውቀዋለህ) ክራንክ ብራዘርስ የሚባለውን ፔዳል ግዛ ይለኛል፣ ጭቃ አይዝም ይላል። አውቃለሁ አይዝም፣ አራት ክንፍ ብቻ ነው፣ ጭቃው የት ይቀመጣል? ክሊቱ ግን ነሐስ ነው፣ ድንጋይ ላይ ስትራመድበት ያልቃል። ውስጡን ማደሻ ኪትም ይሸጡለታል፣ ጥሩ፣ እዚህ የት ሄጄ ልግዛ? አንተ በየሶስት ወሩ ዱባይ ትመላለሳለህ፣ እኔ ፒያሳ ነው የምመላለሰው። "ታዲያ ለምን ፍላት ፔዳል አትጠቀምም" (የማይቆለፈውን ማለቱ ነው) የሚለኝ ጀለስም አለ፣ ጠየቅኩህ?

ከውጪ አስመጣ እንዳትሉኝ። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ስትመጣ ሊንክ ልኬላት፣ ፎቶ ልኬላት፣ በቀይ አክብቤ ልኬላት፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ "ይሄ ይሻላል" አላትና የሮድ (የአስፋልት ሳይክል) ፔዳል ይዛልኝ መጣች። ክሊቱ ባለ ሶስት ቀዳዳ! ባንድ ጎኑ ብቻ የሚገባ! የኔ ጫማ ሁለት ቀዳዳ ነው፣ አይገናኙም። እሷ ደግሞ ከዚያኛው ይወደዳል፣ አመስግን እንጂ አለችኝ። አመሰገንኩ። መሳቢያ ውስጥ አለ፣ የሚፈልግ ይውሰደው።

አሁን ደግሞ ትዝ ሲለኝ የባሰ ተናደድኩ፣ ያ በፊት ፔዳሌን የፈታው ሳይክል ጠጋኝ! የግራ ፔዳል በግልባጭ ነው የሚፈታው፣ ሳይክል የሚሰራ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ይሄን ነው። "ወንድሜ በዚያ በኩል" ስለው "ዝጎ ነው፣ ስራዬን ልትነግረኝ ነው?" ብሎ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ተንጠለጠለበት። የአልሙኒየም ክራንክ ጥርሱን በላው። ከዚያ የእጅ ዋጋ ጠየቀኝ። ከፈልኩት ደግሞ! ለምን እንደከፈልኩት እስካሁን አልገባኝም፣ ቱቦውን ስለያዘ ይሆናል።

የዛሬው እንዴት አለቀ ካላችሁ፣ ብር አይመለስም፣ መቀየር ከፈለክ ጨምረህ ሀምራዊውን ውሰድ አለኝ። ወጣሁ። ከኋላዬ "ብራዘር እንዳትቀየም፣ ሩጫ ሞክር" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ስለዚህ በዚህ ወር ከውጪ የሚገባ ሰው ካለ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ኤም 520፣ ጥቁሩ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ ክሊቱ ከካርቶኑ ውስጥ አለ፣ ሻጩ ሌላ ይሻላል ካለው ጆሮ አይስጠው። ብሩን አስቀድሜ እልካለሁ። ኮመንት ላይ ኪሎዬን የሚጠይቅ ብሎክ ነው፣ በተለይ አንተ።