ከፍሎ ድንጋይ መሸከም

የክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ሲቃረብ ውጭ አገር ያሉ የዘመድ ልጆች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ መላላክ ይጀምራሉ። እስራኤል ውስጥ የጥንት ከተማ ቁፋሮ። ፈረንሳይ ውስጥ የፈረሰ ምሽግ ጥገና። በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል ይላል። ከታች ደግሞ ክፍያው ተጽፏል። ከፋዩ ሠራተኛው ራሱ ነው። እናቶች ስልክ የሚያነሱት ይሄኔ ነው፤ «ልጄ ገንዘብ ከፍላ ድንጋይ ልትሸከም? ይሄማ ሌብነት ነው!»

ሌብነት አይደለም። እንዲያውም የቆየ ልማድ ነው። በእኔ አስተያየት ጥያቄው መክፈሉ ላይ አይደለም። በነጻ የሚሠራው ሥራ የማን እንጀራ ነበር? መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

ነገሩን ከማሳዳ ብንጀምረው ይሻላል። ማሳዳ ሙት ባሕር ዳር ያለ ገደላማ አምባ ነው። አናቱ ላይ ንጉሥ ሄሮድስ ያሠራቸው ቤተ መንግሥቶች አሉ። የእስራኤል ጦር ኤታማዦር ሹም የነበረው አርኪዮሎጂስቱ ይጋኤል ያዲን ከ1963 እስከ 1965 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አምባውን ሲያስቆፍር በጋዜጣ ጥሪ አወጣ። የእንግሊዙ «ኦብዘርቨር» ሳይቀር አትሞታል። ውሉ ቀላል ነበር፤ የትራንስፖርትህን ራስህ ቻል፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይ፣ ምግብና ድንኳን ከእኛ። ከ28 አገር ሰው መጣ። ተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ጡረተኛው አንድ ድንኳን ውስጥ ታጨቀ። የበጋው ሙቀት ስለማይቻል ሥራው በዝናቡና በብርዱ ወራት ነበር።

ያዲን ከዚያ በፊት በ1950ዎቹ ሐጾር የምትባለውን ጥንታዊ ከተማ ሲያስቆፍር አፈር የሚዝቁት በአብዛኛው ከሰሜን አፍሪካ የመጡ አዲስ ስደተኞች ነበሩ። በቀን ሂሳብ የሚከፈላቸው የቀን ሠራተኞች። ማሳዳ ላይ ቦታውን በነጻ የሚሠራ እንግዳ ያዘው። ዛሬ እንግዳው ጭራሽ ከፋይ ሆኗል። እስራኤል ውስጥ ያሉ ብዙ ቁፋሮዎች በዩኒቨርሲቲ በኩል ይመዘግባሉ፣ የመኝታና የምግብ ያስከፍላሉ። በዚያ አገር የጉልበት ዋጋ ውድ ነው፣ የአርኪዮሎጂ በጀት ደግሞ ትንሽ። የልጆቹ ክፍያ ካልገባ ቁፋሮው ይቆማል። የሚፈናቀል የቀን ሠራተኛም የለም። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ከፍሎ መሸከም ምንም ነውር የለውም ባይ ነኝ።

ሥራው ግን የማስታወቂያውን ፎቶ አይመስልም። ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት መነሣት አለ። ፀሐይ ሳይከር አፈር በባልዲ ይወጣል፣ በወንፊት ይነፋል። እኩለ ቀን ላይ ቁፋሮው ይቆማል። ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ገል ማጠብ ነው። ገሉን በጥርስ ብሩሽ እየፈተጉ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቁጥር መጻፍ። ወርቅ ፍለጋ የሄደ ልጅ በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። ባለሙያዎቹ ግን የዘመን ቅደም ተከተሉን የሚያነቡት ከዚያ ገል ነው።

ጥገና ሌላ ነው። ቁፋሮ ላይ ያልሠለጠነ እጅ አፈር ቢያመላልስ፣ ተቆጣጣሪው ካልተኛ በቀር፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ጥንታዊ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የለጠፈ እጅ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ጣጣ ያመጣል። በጎ ፈቃድ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያጠፋ ለማየት አቴንስን ማየት ይበቃል። የጥንት ግሪኮች ፓርተኖን የሚባለውን ቤተ መቅደስ እብነ በረድ በብረት ሲያያይዙ ዙሪያውን በቀለጠ እርሳስ ይሸፍኑት ነበር፣ ውሃ እንዳይደርሰው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጥገናውን የመራው ኢንጂነር ኒኮላኦስ ባላኖስ በብዙ ቦታ ብረቱን እንዲሁ ተከለው። ብረቱ ዛገ፣ ሲዝግ አበጠ፣ እብነ በረዱን ሰነጠቀው። በ1975 ኮሚቴ ተቋቋመና ብረቱ እየወጣ በቲታኒየም እየተተካ ነው። ባላኖስ ባለሙያ ነበር፣ ክፉም አላሰበም። ባለሙያው እንዲህ ካደረገ የሁለት ሳምንት እንግዳውን አስቡት።

እኛስ ጋ? በ1954 ላሊበላ ላይ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ ሬንጅ ተቀባ። ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ ነው። ከላዩም ቀይ ቀለም ተደረገበት። እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ቀረ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ የመራው ቡድን ያንን ቅብ ሲያነሣ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ጎንደርም ቢሆን ያው ነው። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በኖራ የተገነቡ ናቸው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠገኑ፤ በኋላ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነ። ኖራ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ያፍናል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ጨዉን ይዞ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል።

ስለዚህ ጥሩ የጥገና ካምፕ በመጀመሪያው ቀን ካዙላ፣ የግንበኛውን ማንኪያ፣ አያስይዝም። ይሄ የእኔ መለኪያ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሬምፓር የሚባል የማኅበራት ኅብረት አለ። የተቋቋመው በ1966 ነው። ወጣቶች ለምግብና ለመኝታ በቀን ጥቂት ዩሮ እየከፈሉ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት የድሮ ምሽግና ቤተ ክርስቲያን ጥገና ላይ ይሠራሉ። አጠገባቸው የሙያው ሰው አለ። ኖራ ማቡካት ይማራሉ፣ ድንጋይ መለየት ይማራሉ፣ ከዚያ ነው ግድግዳው ጋ የሚቀርቡት። ልማዱ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ነው። በ1920 ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ሴሬሶል ፈረንሳይ ውስጥ ቬርደን አጠገብ በጦርነት የወደመ መንደር መልሶ ለመሥራት ሰው ሰብስቦ ነበር፤ ጀርመኖችም አብረው ነበሩ። የታሪክ ቦታ ጥገናው ላይ የዞረው ቆይቶ ነው።

ማሳዳ ላይ የምወደው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ከፍ ተደርገው የተጠገኑት ግንቦች ላይ ጥቁር መሥመር ተሰምሮባቸዋል። ከመሥመሩ በታች ያለው በቁፋሮ የተገኘው ነው። ከላይ ያለው የኛ ዘመን ሥራ ነው። ጎብኚው አይታለልም፣ የዛሬው ግንበኛም የሄሮድስ ግንበኛ ነኝ አይልም። ይሄ ትሕትና ጎንደር ላይም ቢኖር ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ቅር የሚያሰኘኝ ልምጣ። ይሄንኑ ካምፕ ወደ አገር ቤት እናምጣው የሚሉ አሉ። የዲያስፖራ ልጆች ክረምት ክረምት ላሊበላ፣ አክሱም፣ ጎንደር ይምጡ፣ በነጻ ይሥሩ፣ አገራቸውንም ይወቁ። ሐሳቡ ያምራል። እኔ ግን ባልዲና ባሬላ ለመሸከም እንዳይሆን እላለሁ። ላሊበላ ላይ ጎብኚ በጠፋባቸው የኮቪድና የጦርነት ዓመታት ሰው ምን እንደሆነ እናውቃለን። የጥገና ሥራ ሲገኝ ከከተማው ሰው የቀን ሂሳብ የሚያገኘው አለ፤ ልጆቹን የሚያበላው በዚያ ነው። ከሜሪላንድ የመጣ የ19 ዓመት ልጅ በነጻ ባሬላ ሲሸከም ያ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ልጁ ኤርፖርት ላይ «አገሬን አገለገልኩ» ብሎ ፎቶ ይነሣል። የማንን ሥራ እንደሠራ ግን የነገረው የለም።

እውቀቱም ከእንግዳው ጋር ይሄዳል። ግብፅ ውስጥ ቅፍጥ የምትባል ከተማ አለች። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1893 እና 94 እዚያ ሲቆፍር የአካባቢውን ሰዎች ቀጠረ፣ አሠለጠነ። ከዚያ በኋላ የቅፍጥ ሰዎች በመላው ግብፅ የሚፈለጉ የቁፋሮ ባለሙያዎች ሆኑ። ሙያው ከአባት ለልጅ እየወረደ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ፔትሪ በዚያ ዓመት በጎ ፈቃደኛ ከለንደን ቢያመጣ ኖሮ ሙያው ለንደን ገብቶ ይጠፋ ነበር። ላሊበላ የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለ ነገር ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚከፈለው፣ ኖራውንና ድንጋዩን የሚያውቅ፣ ከዝናብ በኋላ ጣሪያውን እየዞረ የሚያይ የሠፈር ሰው።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ፈረንሳይ ሄዶ ኖራ ማቡካት ልማር ቢል የሸንገን ቪዛ በር ላይ ይመለሳል። በጎ ፈቃደኝነት ዞሮ ዞሮ የጥሩ ፓስፖርት ነገር ነው። ፓስፖርቱ ያላቸው የእኛ ልጆች ግን ጥቂት አይደሉም። እስራኤል ያሉት ቪዛም አውሮፕላንም ሳያስፈልጋቸው በአውቶቡስ የሚደርሱበት ቁፋሮ አለ። ይሂዱ። ከመክፈላቸው በፊት ግን ይጠይቁ፤ ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል? የሚያሠለጥነን ማን ነው? ከእኛ በፊት ይሄን ሥራ የሚሠራው ማን ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ የከበደው ካምፕ ይቅርባቸው።

አገር ቤት መምጣት ለሚፈልጉትም ሥራ አይጠፋም፣ የሰው እንጀራ የማይነካ ሥራ። የድሮ ፎቶ መሰብሰብ አለ። በየቤቱ አልበም ውስጥ የ1960ዎቹ ላሊበላ፣ ሐውልቱ ያልተመለሰላት አክሱም አለች፤ ዛሬ የሚጠግን ሰው የትኛው ስንጥቅ መቼ እንደመጣ የሚያውቀው ከእንዲህ ያለ ፎቶ ነው። በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ የተጻፉ የድሮ የጥገና ሪፖርቶችን ወደ አማርኛ መመለስም አለ። ግንበኛው ራሱ ቢያነባቸው ሬንጁ ለምን እንደተነሣ ያውቅ ነበር። ቋንቋውን ደግሞ የፓሪስና የሮም ልጆቻችን ያውቁታል።