የኔ ስትሆን «ቻይና»፣ የሱ ስትሆን «ታሪካዊ»

አሁን ከሱቁ ወጥቼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ልሸጣት የወሰድኳት ሲሞኖፍ፣ የድሮዋ የወታደር ጠብመንጃዬ፣ ከኋላ ተጋድማለች። እሷም ያኮረፈች ነው የሚመስለኝ።

ባለሱቁ ሰውዬ ገና የቦርሳዋን ዚፕ ስከፍት «ቻይና ናት?» አለኝ። አዎ ናት! ጎኗ ላይ የቻይናው ፋብሪካ ምልክት፣ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 26፣ ተመትቶባታል፣ መርፌ የመሰለው ሳንጃዋም አልተነቀለም። ደብቄ አላመጣኋት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንዴ ገለበጣትና «200 ዶላር» አለ።

«ቁጥሯ እኮ ይገጥማል» አልኩት። አካሏ፣ መዝጊያዋ፣ ካዝናዋ፣ ሁሉም አንድ ቁጥር ነው። እነዚህ ጠብመንጃዎች ዋጋ የሚያወጡት በዚህ አይደል እንዴ?

ሰደፏን ወደ መብራቱ አዞረና ጣቱን እንጨቱ ላይ አንሸራተተ። «እዚህስ?» አለ። ቁጥሩ የነበረበት ቦታ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል። «በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈጋት ማነው?»

እኔ ነኛ! ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ጎንበስ ብዬ ፈግፍጌ፣ ቫርኒሽ ሦስት እጅ የቀባሁ እኔ። ፎቶዋን እዚሁ ስለጥፍ «ዋው፣ አበራሃት» ስትሉኝ አልነበር? አንድ ሰው እንኳ «ተው፣ ቁጥሩን እንዳታጠፋው» አይልም? ጓደኛ ብዬ!

«የድሮ ባለቤቷ ይሆናል» አልኩት። ዋሸሁ። ሰውዬው ዝም ብሎ አየኝ። ኧረ ምን ዓይነት አስተያየት ነው! ባትሪ አብርቶ ደግሞ የጋዝ ቱቦዋን፣ ስትተኮስ ጋዙ የሚገባበትን፣ ፈተሸ። ዝገት። ዋጋው 180 ገባ።

እሱ እንኳን የኔ ጥፋት አይደለም። አምና አብረን ተኩሰን «እኔ አጸዳታለሁ» ያልከው ሰውዬ፣ ራስህን ታውቃለህ። የድሮ ወታደር ጥይት መለኮሻው ጨው ይተዋል፣ ጨው እርጥበት ይስባል፣ በፈላ ውሃ እጠባት ብዬህ ነበር። በርሜሉ ውስጡ በክሮም ስለተለበጠ ተረፈ። ቱቦው ግን ክሮም የለውም። የ20 ዶላሬን ነገር እናወራለን።

ልወጣ ስል ግድግዳው ላይ ምን አየሁ? ያችኑ ቻይና! ያው ሦስት ማዕዘን፣ ያው 26። 650 ዶላር። «እሷስ?» አልኩት። «እሷ ታሪካዊ ናት» አለኝ፣ ሳያፍር።

የገዛሁባቸው ሽማግሌ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ከመቶ ዶላር በታች ነው ያወጡባት፣ ያውም እንዳለች በቅባት ተነክራ። ቅባቱን ለማስለቀቅ ሳምንት ፈጅቶብኛል ይሉ ነበር። ያኔ ርካሽ ናት ተብላ ስንቱ እንጨቷን አውልቆ ጥሎ ፕላስቲክ አልብሷታል። በፈረንጆቹ 1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የቻይና መሣሪያ አሜሪካ እንዳይገባ ከለከለና አዲስ መምጣቱ ቀረ። አሁን ሰው የሚፈልገው ያልተነካችውን ነው፣ ጭረቷም ቆሻሻዋም ሳይቀር። ይሄን እኔም አውቃለሁ! ለሌላው ሰው ስመክር ከኔ በላይ አዋቂ የለም። ብርጭቆ ወረቀት ስይዝ ምን እንደሚነካኝ እንጃ።

ሸጥካት ወይ አትበሉኝ። አልሸጥኳትም። የሰውዬው የጣት አሻራ ግን ቫርኒሹ ላይ ቁልጭ ብሎ ቀርቷል፣ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

ግማሽ ጣሳ ቫርኒሽ ተርፎኛል። የሚገዛ አለ?